ረጅሙን የሕክምና ቃል ከጅራቱ ማንበብ



ጨጓራውን የታመመ ሰው ከሐኪም ቤት ሲመለስ «ኢንዶስኮፒ ታዘዘልኝ» ይላል። በሕክምና መጻሕፍትና በሆስፒታል ወረቀቶች ላይ ግን ይኸው ምርመራ እጅግ የረዘመ ሌላ ስም አለው፦ ኢሶፋጎጋስትሮዱዎዲኖስኮፒ። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ 26 ፊደላት ይፈጃል፤ ከኤ እስከ ዜድ ያሉት ፊደላት ተደምረውም ቁጥራቸው ይኸው ነው። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ አንድ ቃል ነው፤ እሱን ከፈታነው የዘመዶቹም ነገር ይቀለናል።

ጉዳዩ የቋንቋ አዋቂዎች ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሀገራችን የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው እነዚህን ቃላት በክፍል ውስጥ ይሰማል፣ በፈተና ይጽፋል፣ በሽተኛው አልጋ አጠገብ ቆሞም ይናገራቸዋል። በዋሽንግተንና በለንደን ደግሞ እናታቸውን ሆስፒታል ይዘው የሚሄዱና ሐኪሙ ያለውን በአማርኛ የሚነግሩ ልጆች አሉ። ቃሉን አጥርቶ መስማትና አጥርቶ መልሶ መናገር ለእነሱ የዕለት ጉዳይ ነው። በየክፍሉ የማየው ትልቁ እንቅፋት የችሎታ ማነስ አይደለም፤ እፍረት ነው። ተማሪው ረጅም ቃል ሲገጥመው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መሀሉን ውጦ ያልፋል። ጓደኞቹ ይስቁብኛል ብሎ ይፈራል፤ አንዳንዴም በእርግጥ ይስቁበታል። ይህ ነገር በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ተውጦ የሚቀረው መሀል ብዙ ጊዜ የበሽተኛው ጉዳይ ያለበት ቦታ ነው።

የቃሉ ርዝመት ራሱ አያስፈራም። የሚያደናግረው፣ እንዲህ ያለ ቃል በሁለት ዓይነት መንገድ የሚቆራረጥ መሆኑ ነው። አንደኛው ቁርጥ የትርጉም ነው፤ ሁለተኛው የድምፅ ነው። ሁለቱ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ አይወድቁም።

ከትርጉሙ እንጀምር። ቃላችን አራት ክፍል አለው። ኢሶፋጎ የምግብ ቧንቧ ነው። ጋስትሮ ጨጓራ ነው፤ ይህንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ «ጋስትሪክ አለብኝ» የሚል ሰው በየቤቱ አለና። ዱዎዲኖ ከጨጓራ ቀጥሎ ያለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ነው። ስኮፒ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን መመልከት፣ መመርመር ማለት ነው። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። የምርመራው ቱቦ ከአፍ ገብቶ መጀመሪያ የምግብ ቧንቧውን፣ ከዚያ ጨጓራውን፣ ከዚያ የአንጀቱን መጀመሪያ ያያል። ቃሉም መሣሪያው የሚወርድበትን መንገድ በዚያው ቅደም ተከተል ይናገራል፤ ድርጊቱን ደግሞ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ግሱን መጨረሻ ላይ ለሚያስቀምጥ የአማርኛ ተናጋሪ ይህ አደራደር እንግዳ ሊሆንበት አይገባም።

ስሙ የረዘመው መሣሪያው ወደ ውስጥ በዘለቀ መጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 አዶልፍ ኩስማውል የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በፍራይቡርግ ከተማ ቀጥ ያለ ቱቦ ወደ ሰው ጨጓራ አስገብቶ ለማየት ሞክሯል፤ ይህን የቻለውም ሰይፍ መዋጥ የለመደ የትርዒት ሰው ስላገኘ ነው። እንዲህ ያለው የማይታጠፍ ቱቦ ከጨጓራ ማለፍ ስለማይሆንለት ስሙም ጋስትሮስኮፕ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ባዚል ሂርሾዊትዝ በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከብርጭቆ ክር የተሠራ ተጣጣፊ መሣሪያ ሠርቶ መጀመሪያ በራሱ ላይ ሞከረው። መሣሪያው ተጣጣፊና ረጅም እየሆነ ሲሄድ እስከ አንጀት ደረሰ፤ ያየውን ሁሉ በስሙ ውስጥ ማስገባት ግድ ሆነና ቃሉ ዛሬ የምናውቀውን ቁመት ያዘ።

ስለ ዱዎዲኖ ጥቂት ልጨምር። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ በእስክንድርያ ይሠራ የነበረው ግሪካዊው ሐኪም ሄሮፊለስ ይህን የአንጀት ክፍል ለክቶ፣ የ12 ጣት ስፋት ያህል ርዝመት አለው ብሎ በዚያው ሰየመው። ላቲኑም ቁጥሩን ይዞ ቀጠለ፤ የእንግሊዝኛው ቃል የመጣው ከዚያ ነው። ጀርመኖች እስከ ዛሬ «የአሥራ ሁለት ጣት አንጀት» ይሉታል። በአረብ ሀገር ሠርታችሁ የመጣችሁ ደግሞ በዐረብኛ ስሙ ቀጥታ «አሥራ ሁለቱ» እንደሆነ ሰምታችሁ ይሆናል። በእስራኤል የሚነገረው ዕብራይስጥም ስሙን ያወጣው ከዚሁ ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ። አንድ ቃል ሲነገር የሚቆራረጥባቸውን ክፍሎች በአማርኛ ቀለም እንላቸዋለን፤ ግጥም የጻፈ ሰው ይህን ስም ያውቀዋል። የቃላችን ቀለማት እነሆ፦ ኢ–ሶፍ–ኧ–ጎ–ጋስ–ትሮ–ዱ–ኦ–ደ–ኖስ–ከ–ፒ። ቁጠሯቸው፤ አሥራ ሁለት ናቸው። የአንጀቱ ስም አሥራ ሁለት ማለት ከመሆኑ ጋር መገጣጠሙ አጋጣሚ ብቻ ነው፤ የሚቀጥለው ግን ለአፋችን ይጠቅመናል። በወል ቤት የተጻፈ ግጥም አንዱ ስንኝ አሥራ ሁለት ቀለም አለው፤ ስድስቱ ተብሎ ጥቂት ይታረፍና ሌላው ስድስት ይቀጥላል። ይህም ቃል እንደ ወል ቤት ስንኝ ከመሀሉ ይከፈላል፦ ኢ–ሶፍ–ኧ–ጎ–ጋስ–ትሮ፤ ዱ–ኦ–ደ–ኖስ–ከ–ፒ። ዕረፍቱም የሚወድቀው ልክ በጨጓራውና በአንጀቱ መካከል ነው። ቃሉ ያስቸገረው ሰው መሀል ላይ ትንፋሹን ይሰብስብ። በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ስለሆነ ዕረፍቱ አጭር፣ ለሰሚው እስከማይታወቅ ድረስ አጭር መሆን አለበት፤ ሲለማመዱ ግን ረዘም ቢል ጉዳት የለውም።

መጨረሻውን አስተውላችሁ ከሆነ አንድ ነገር ተዛንፏል። በትርጉም ቁርጥ «ስኮፒ» አንድ ክፍል ነው። በድምፅ ቁርጥ ግን «ስ» ከቤቱ ወጥቶ ከፊቱ ካለው ቀለም ጋር ተጣብቋል፤ ኖስ–ከ–ፒ ሆኗል። «ዲኖ» ላይ የነበረው «ኖ»ም ከዘመዱ ተለይቶ ወደዚያ ተሳበ። ይህ የሆነው በእንግሊዝኛ የድምፅ አጽንኦት የሚያርፍበት አጭር አናባቢ፣ ከኋላው ባለ ተነባቢ መዘጋት ስለሚቀናው ነው። በዚህ ቃል ዋናው አጽንኦት «ኖስ» ላይ ነው። «ሶፍ»፣ «ጋስ» እና «ዱ» ላይ ደግሞ ቀለል ያለ አጽንኦት አለ። የቀሩት ስምንት ቀለማት ያለ ጭነት፣ በፍጥነት የሚታለፉ ናቸው።

አጽንኦት የቱ ጋ እንደሚያርፍ በጽሑፉ ላይ ምልክት የለም። ይህ ለምን ሆነ ብለን በእንግሊዝኛ መማረር የለብንም፤ የእኛም ጽሑፍ እንዲሁ ነው። «ገና» ብዬ ብጽፍ፣ ስታላሉት «ጊዜው አልደረሰም» ይሆናል፤ ስታጠብቁት በዓሉ ይሆናል። «አለ»ም እንዲሁ፤ ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። «ብርድ» የሚለውን ተመልከቱ፤ ሦስቱም ፊደል ሳድስ ነው፤ ስናነበው ግን «ብ» ላይ ብቻ አናባቢ እናሰማና ሌሎቹን ባዶ እንተዋቸዋለን፤ ሦስት ፊደል አንድ ቀለም ይወጣዋል። ይህን ማንም በደንብ አላስተማረንም፤ ከቤት ይዘነው መጣን። የእንግሊዝ ልጅም የአጽንኦቱን ነገር ከቤት ይዞ ነው የሚመጣው። ከውጭ ለምንመጣ ሰዎች ግን ደንቡን አውጥቶ ማሳየት ይገባል፤ ደግነቱ በሕክምና ቃላት ላይ ደንቡ ከሌላው እንግሊዝኛ ይልቅ የጠራ ነው።

ደንቡ የተቀመጠው በቃሉ ጅራት ላይ ነው። «ስኮፒ»፣ «ሎጂ»፣ «ግራፊ»፣ «ቶሚ» በሚሉት የሚያልቅ ቃል አጽንኦቱ ከመጨረሻው ተቆጥሮ ሦስተኛው ቀለም ላይ ይወድቃል። የቃሉ ራስ የቱንም ያህል ቢረዝም ለውጥ የለም። ካርዲዮሎጂ «ኦል» ላይ ይጠነክራል፤ ጋስትሮኢንተሮሎጂም «ኦል» ላይ ነው። ኤሌክትሮኢንሴፋሎግራፊ ዘጠኝ ቀለም አለው፦ ኢ–ሌክ–ትሮ–ኤን–ሴፍ–ኧ–ሎግ–ረ–ፊ፤ ከኋላ ሦስት ስትቆጥሩ «ሎግ»ን ታገኛላችሁ፤ «ግራፊ» የሚለው ክፍልም «ግ»ን እንደተነጠቀ ታያላችሁ። «አይተስ» እና «ኦሲስ» በሚሉት የሚያልቁት፣ ማለትም ብዙዎቹ የሕመም ስሞች፣ ከመጨረሻው ሁለተኛው ላይ ይጠነክራሉ፦ አርትራይተስ «ራይ» ላይ፣ ቱበርክሎሲስ «ሎ» ላይ። «ኢክ» የሚል ጅራት ያላቸውም አጽንኦታቸው ከጅራቱ አንድ ቀለም ቀድሞ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼን ረጅም ቃል ሲያዩ መጀመሪያ መጨረሻውን እንዲያዩ እመክራቸዋለሁ። ፊደል በፊደል ከራሱ ጀምሮ መውረድ ለመጻፍ ይረዳ እንደሆነ እንጂ ለመናገር አይረዳም። ጅራቱን ያየ ሰው ድምፁ የቱ ጋ እንደሚወጣ ገና ከመነሻው ያውቃል፤ የሚቀረው እየተቻኮለ ወደዚያ መድረስ ብቻ ነው።

አንድ ቤተሰብ ቀርበን እንይ። መሣሪያው ኤንዶስኮፕ ይባላል፤ አጽንኦቱ መጀመሪያው ላይ ነው፦ ኤን–ደ–ስኮውፕ። ምርመራው ኢንዶስኮፒ ነው፤ አጽንኦቱ ወደ መሀል ሄዷል፦ እን–ዶስ–ከ–ፒ። ቅጽሉ ኤንዶስኮፒክ ነው፤ አሁንም አጽንኦቱ ተዛውሯል፦ ኤን–ደ–ስኮፕ–ኢክ። በጽሑፍ ሁለቱ «ኦ» ፊደሎች በሦስቱም ላይ አልተለወጡም። በአነጋገር ግን የመጀመሪያዋ «ኦ» አንዴ «ደ»፣ አንዴ «ዶ»፣ መልሳ «ደ» ሆነች። ሁለተኛዋ «ኮው»፣ ከዚያ «ከ»፣ ከዚያ «ኮ» ሆነች። አጽንኦት ያገኘች አናባቢ ሙሉ መልኳን ትይዛለች፤ ያላገኘችው ትከሳለች። ይህች የከሳች አናባቢ በእንግሊዝኛ ንግግር ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የምትሰማ ድምፅ ናት፤ ሆኖም የራሷ ፊደል የላትም፤ በአምስቱም የአናባቢ ፊደሎች ትጻፋለች።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ የተሻለ ዕድል አለው። ያቺን ድምፅ የሚመስል የእኛ የመጀመሪያው፣ የግዕዙ ቤት አናባቢ አለ፤ «በ»፣ «ከ»፣ «ደ» ስንል የምናሰማው። አጠር ሲልም ወደ ሳድሳችን «እ» ይቀርባል። ፊደላችን እንግሊዝኛው መጻፍ ያልቻለውን ድምፅ መጻፍ ይችላል፤ እኔም ቀለማቱን ሳስቀምጥ «ኖስ–ከ–ፒ» ያልሁት ለዚህ ነው። ችግራችን ድምፁ ስለሌለን አይደለም። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ አምነን «ኦ» ባየንበት ሁሉ ሙሉ «ኦ» ስለምናሰማ ነው። እያንዳንዱ ቀለም እኩል ሲሰማ እንግሊዛዊው ጆሮ የሚይዘው ጫፍ ያጣል፤ ፊደሉ ሁሉ በትክክል ተነግሮ እንኳ ቃሉ አይገባውም። ነገሩ በአማርኛ ስናወራ «ኢንዶስኮፒ» ብለን ሁሉንም ሙሉ አድርገን እንዳንናገር አይከለክለንም። ያ ቃል ወደ ቋንቋችን ገብቶ የእኛን ልማድ ይዟል፤ ትክክል ነው፤ ማንም ሊያርመው አይገባም።

በመዝገበ ቃላት ውስጥ በቃሉ መሀል የምታዩአቸው ነጥቦችም ሳያታልሉ አይቀሩም። ነጥቦቹ የተቀመጡት መስመር ሲሞላ ቃሉን የት ላይ መቁረጥ እንደሚቻል ለማሳየት ነው። ድምፁን ለማወቅ ከአጠገቡ የተጻፈውን የአነባብ ምልክት ማየት ያስፈልጋል። አሜሪካዊው ኖኅ ዌብስተር እ.ኤ.አ. በ1783 ባሳተመው የፊደል መማሪያ፣ ቃላት እንደሚነገሩት እንዲቆረጡ አድርጓል፤ የእንግሊዝ አታሚዎች ደግሞ ወደ ቃሉ አመጣጥ ያደሉ ነበር። አንድ ቃል በሁለት መዝገበ ቃላት ሁለት ዓይነት ተቆርጦ ብታገኙት አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም።

በአሜሪካና በእንግሊዝ መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ቃል ላይ በሽተኛውንም ይነካል። እንግሊዞች የምግብ ቧንቧን ስም ሲጽፉ መጀመሪያው ላይ «ኦ» ይጨምራሉ፤ አይነበብም፣ ይጻፋል እንጂ። በዚህ ምክንያት ምርመራውን ሲያሳጥሩት አሜሪካውያን «ኢጂዲ»፣ እንግሊዞች «ኦጂዲ» ይሉታል። ከለንደን ወደ ዋሽንግተን የሄደ ሰው ሁለቱን ወረቀት አስተያይቶ ሁለት ምርመራ ታዘዘልኝ ቢል አይፈረድበትም፤ ምርመራው ግን አንድ ነው። በአነጋገርም አሜሪካውያን «ኖስ»ን ወደ «ናስ» ያስጠጉታል። «ዱዎዲነም» ብቻውን ሲነገር አንዳንዱ ሐኪም «ዲ» ላይ፣ ሌላው «ኦድ» ላይ ያጠነክራል፤ ሁለቱም የተፈቀደ ነው።

ደንቡ የሚያመነታበት ቦታም አለ። «ሜትር» የሚል ጅራት ያላቸው የመለኪያ መሣሪያዎች ሦስተኛው ላይ ይጠነክራሉ፤ ቴርሞሜትር «ሞም» ላይ፤ የደም ግፊት መለኪያው ስፊግሞማኖሜትር ደግሞ ስፊግ–ሞ–መ–ኖም–ኢ–ተር ተብሎ «ኖም» ላይ። እንደ ሴንቲሜትር ያሉ የርዝመት መለኪያዎች ግን መጀመሪያው ላይ ይጠነክራሉ። ኪሎሜትር በሁለቱ መካከል ተይዞ፣ አንዳንዱ «ኪ» ላይ፣ ሌላው «ሎም» ላይ ሲያጠነክረው ይሰማል። የሕክምና ቃል ስላይደለ አልፈዋለሁ።

አጽንኦት ለምን እንደሚያሳስበኝ በሦስት ቃላት ላሳያችሁ። ሦስቱም የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ስሞች ናቸው። ጋስትሮቶሚ ጨጓራን መቅደድ ነው። ጋስትሮስቶሚ በሆድ ግድግዳ በኩል ወደ ጨጓራ መግቢያ ቀዳዳ መክፈት ነው፤ መዋጥ ለማይችል በሽተኛ ምግብ በቱቦ ይሰጥበታል። ጋስትሬክቶሚ ጨጓራውን በሙሉ ወይም በከፊል ቆርጦ ማውጣት ነው። በጽሑፍ አንድ ሁለት ፊደል ብቻ ይለያያቸዋል። ድምፃቸውን ስሙ፦ ጋስ–ትሮት–ኧ–ሚ፤ ጋስ–ትሮስ–ተ–ሚ፤ ጋስ–ትሬክ–ተ–ሚ። ከኋላ ሦስተኛው ቀለም ላይ የሚወድቀው አጽንኦት የወደቀው ልክ ሦስቱ ቃላት በሚለያዩበት ቦታ ነው። ትሮት፣ ትሮስ፣ ትሬክ። ድምፅ ከፍ የሚለው መሳሳት በማይፈቀድበት ላይ ነው። ቃሉን እኩል አድርጎ የሚያነብ፣ ወይም መጀመሪያው ላይ ጮኾ መጨረሻውን የሚውጥ ሰው ግን ልዩነቱን ራሱ ያጠፋዋል። የበሽተኛው ልጅ ለእናቱ «ቀዳዳ ሊከፍቱልሽ ነው» ይበል ወይስ «ጨጓራሽን ሊያወጡት ነው»? የሚለየው ያ አንድ ቀለም ነው።

የቀለም አከፋፈል ሌላም ነገር ይፈታል። የሳንባ ምች በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መጀመሪያው ላይ «ፒ» አለ፤ አይነበብም፤ ኒሞኒያ ነው። በእንቅልፍ መሀል ትንፋሽ የሚቋረጥበት አፕኒያ የተባለው ሕመም ውስጥ ግን ያችው «ፒ» ትሰማለች። እንግሊዝኛ ቀለምን «ፕን» ብሎ መጀመር አይፈቅድም፤ ስለዚህ ቃል መጀመሪያ ላይ «ፒ» ትወድቃለች። አፕኒያ ውስጥ ከፊቷ «አ» ስላለች በእሷ ተደግፋ «አፕ» የሚል ቀለም ትዘጋለች። በጋዜጣ የዓለም ረጅሙ የሕክምና ቃል እየተባለ የሚጠቀሰው 45 ፊደላት ያሉት ቃልም የሚጀምረው በዚህችው በማትነበብ «ፒ» ነው። ያ ቃል እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ የቃላት እንቆቅልሽ ወዳጆች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆን ተብሎ የተፈጠረ ነው፤ ሐኪሞች ቃሉ የሚያመለክተውን በሽታ ሲሊኮሲስ ብለው ያልፉታል። በእሱ ላይ ጊዜያችሁን አታጥፉ።

እስካሁን ደንቡ አገልግሎናል። ደንቡ የማያድንበት፣ እንዲያውም የሚጎዳበት ቦታ ግን አለና በእሱ ላይ ልቆይ። ሃይፖ «ከልክ በታች» ነው፤ ሃይፐር «ከልክ በላይ» ነው። ሃይፖቴንሽን የደም ግፊት መውረድ፣ ሃይፐርቴንሽን መጨመር ነው። ሁለቱም ዋናው አጽንኦታቸው «ቴን» ላይ ነው። የሚለያዩበት «ፖ» እና «ፐር» ጭነት የሌለበት፣ በፍጥነት የሚታለፍ ቀለም ነው። ያውም ብዙ እንግሊዛውያን እንዲህ ባለ ቦታ «ር»ን አያሰሙም፤ «ሃይፐ» ብቻ ይሰማል። የእኛ ሰው «ር»ን አጥርቶ «ሃይፐር» ሲል ይህ የውጭ ሰው አነጋገር ተብሎ ይቆጠርበት ይሆናል። እባካችሁ አትተዉት። ያ «ር» በሽተኛን ከጉዳት የሚያድን ድምፅ ነው፤ ስልኩ ሲቆራረጥ፣ ክፍሉ ሲንጫጫ፣ ሁለቱን ቃላት ለይቶ የሚያሰማው እሱ ነው።

ስኳር በሽታ ላይ ሲመጣ ነገሩ የባሰ ይከብዳል። ሃይፖግላይሴሚያ የደም ስኳር መውረድ ነው፤ በሽተኛው ወዲያው ጣፋጭ ነገር መውሰድ አለበት። ሃይፐርግላይሴሚያ መብዛቱ ነው፤ ያን ጊዜ ጣፋጭ መስጠት ማባባስ ነው፤ በተቃራኒው ደግሞ ስኳሩ ለወረደበት ሰው ኢንሱሊን መስጠት ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። አጽንኦቱ በሁለቱም «ሲ» ላይ ስለሚወድቅ ጆሮ ከዚህ ቃል የሚይዘው የጋራውን ክፍል ነው። ስለዚህ ለምታስተረጉሙ ልጆችና ለነርሶች የምለው፣ እነዚህን ሁለት ቃላት ብቻቸውን አትመኑ። ከሐኪሙ ስትሰሙ «ዝቅ ብሏል ማለትዎ ነው?» ብላችሁ አስደግሙ፤ ስትናገሩም «ስኳሩ ወርዷል» ወይም «ስኳሩ ጨምሯል» በሉና ቁጥሩን አስከትሉ። ከቁጥሩ ጋር መለኪያውንም ጠይቁ፤ በአሜሪካ በዴሲሊትር ስንት ሚሊግራም ተብሎ ሲነገር ከ70 በታች ዝቅተኛ ነው፤ እንግሊዝ አገር ግን በሊትር ስንት ሚሊሞል ብለው ስለሚለኩ ዝቅተኛ የሚሉት ከ4 በታች ያለውን ነው።